«ይቻላቸዋል» ወይስ «ይገባቸዋል»፦ የመንግሥትና የፖለቲካ እንግሊዝኛን ከአማርኛው ተነሥቶ ማጥናት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅን አለፍ ብሎ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ኢጣልያ የተዋዋሉት ውል ስሟን ይዞ ቀርቷል። የአንቀጽ 17 አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ተነበበ፤ ኢጣልያም በዚያ ተደግፋ ኢትዮጵያ «ፕሮቴክቶሬት» ሆናለች፣ ማለትም የውጭ ጉዳይዋን በራሷ የማታካሂድ ጥገኛ አገር ናት ስትል አስታወቀች። ጠቡ አድዋ ድረስ ሄደ።

በሕግ እንግሊዝኛ የዚያ ጠብ ስም «ሜይ» እና «ሻል» ነው። «ሜይ» ካለ ተፈቅዷል፣ ቢፈልግ ያደርጋል። «ሻል» ካለ ግዴታ ነው። ትምህርት ቤት «ሻል» የወደፊት ጊዜ ማመልከቻ ነው ተብለው የተማሩ ሁሉ ሕግ ሲያነቡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ፓርላማው በዓመት ይሰበሰባል» የሚለው ትንቢት ይመስላቸዋል፣ ትእዛዝ መሆኑን አያዩም።

ይህ መመሪያ ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች፣ እንዲሁም በወረዳ ወይም በድርጅት ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤና ሪፖርት ለሚጽፉ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በድምፃቸው በፊደላችን አስቀምጠናል። ወደ ደብተር ሲገለብጧቸው አጻጻፋቸውን መዝገበ ቃላት ላይ አይተው በላቲን ይጻፉ፤ በድምፅ ብቻ የተያዘ ቃል ፈተና ላይ ይከዳል።

አካሄዳችን ከተለመደው ይለያል። የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደል ተራ ደርድሮ አማርኛቸውን ማሸምደድ አይጠቅምም፤ «ኮንስቲትዩሽን»፣ «ኮንስቲትዌንሲ» እና «ኢንስቲትዩሽን» በአንድ ቀን ከገቡ በሦስተኛው ቀን አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሁለተኛው የምርጫ ክልል፣ ሦስተኛው ተቋም ነው። ይልቅ ከአማርኛው ይነሡ፦ አንድ የአማርኛ ቃል ይያዙና እንግሊዝኛ ለስንት እንደሚከፍለው ይዩ። ስሕተት የሚበዛው አማርኛው አንድ፣ እንግሊዝኛው ሦስትና አራት በሆነበት ቦታ ነው።

መንግሥት

ዋናው ይኸ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀላል። «ጋቨርመንት» በሥልጣን ላይ ያለው አካል ነው፤ በምርጫ፣ በአብዮት ወይም በመፈንቅለ መንግሥት ይቀየራል። «ስቴት» ድንበር፣ ሕዝብና ሉዓላዊነት ያለው አገራዊ አካል ነው፤ ሹማምንቱ ቢለዋወጡም ይቆያል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «ወደቀ» የሚለውን ያስገቡ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ የወደቀው ጋቨርመንት ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ስቴት እንደሆነች ቀጠለች። በ1991 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ውስጥ የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ግን ተቋማቱም አብረው ፈረሱ፤ ለዚያ ነው ስለ ሶማሊያ «ፌይልድ ስቴት» የሚል አነጋገር የበዛው።

ችግሩ «ስቴት» ራሱም መንታ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ 50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ስቴት ይባላሉ፤ የእኛ ክልሎችም በእንግሊዝኛው ሕገ መንግሥት ስቴት ናቸው፣ አማራ ክልልም በይፋ ስሙ «ሪጅናል ስቴት» ነው። ስለዚህ ዜና ላይ ሲያገኙት ፊትና ኋላውን ይዩ። «ሄድ ኦፍ ስቴት» ርዕሰ ብሔር ነው፤ «ሄድ ኦፍ ጋቨርመንት» ርዕሰ መንግሥት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ለ6 ዓመት የሚመረጠው ፕሬዚዳንት፣ ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በእንግሊዝ ንጉሡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይካፈሉታል፤ በአሜሪካ ሁለቱንም አንድ ሰው ይዞታል። የአሜሪካው «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት» ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው፤ ጸሐፊ ብሎ የተረጎመ ሰው አለቃውን ያሳፍራል።

«ሪዢም» የሚባል ሌላ ቃል አለ። ሥርዓት ተብሎ ይተረጎማል፤ ለደርግ ቢሉት ማንም አይከፋውም። በምርጫ ለመጣ መንግሥት ሲሉት ግን ስድብ ቀረሽ ነው። ገለልተኛ ሆኖ ለመጻፍ «ጋቨርመንት» ይበቃል፤ ሥርዓተ መንግሥት ለማለት «ሲስተም ኦፍ ጋቨርመንት» ወይም «ፎርም ኦፍ ጋቨርመንት» ይበሉ።

የአንድን አገር ሥርዓት በእንግሊዝኛ ለመግለጽ ሦስት ጥያቄ በተራ ይጠይቁ። ርዕሰ ብሔሩ ማን ነው? ዘውድ ከሆነ «ሞናርኪ»፣ ካልሆነ «ሪፐብሊክ»። የማስፈጸም ሥልጣኑ ከየት ይመጣል? ከፓርላማ ከሆነ «ፓርላመንተሪ»፣ ሕዝብ ለብቻው ከመረጠው ፕሬዚዳንት ከሆነ «ፕሬዚደንሺያል»፣ እንደ ፈረንሳይ ሁለቱ ከተቀላቀሉ «ሴሚ ፕሬዚደንሺያል»። ሥልጣን ለክልሎች በሕገ መንግሥት ተከፍሏል? ከተከፈለ «ፌደራል»፣ ካልተከፈለ «ዩኒተሪ»። ኢትዮጵያን በዚህ ሲያልፏት ፌደራል፣ ፓርላመንተሪ፣ ሪፐብሊክ ሆና ትወጣለች። ሳዑዲ ዐረቢያ «አብሶሉት ሞናርኪ» ነች፤ እንግሊዝ «ኮንስቲትዩሽናል ሞናርኪ»፣ ማለት ንጉሡ በሕግ የታሠረ። ተማሪ ብዙ ጊዜ «ሪፐብሊክ ያልሆነ ዴሞክራሲ አይደለም» ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝ ይህን ታፈርሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 45 የእንግሊዝኛው ቅጂ ሥርዓቱን «ፓርላመንቴሪያን» ይለዋል። ቃሉ በተለመደው እንግሊዝኛ የምክር ቤት አባል፣ ያውም አሠራሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ለሥርዓቱ የሚሆነው ቅጽል «ፓርላመንተሪ» ነው። ከሕጉ ቃል በቃል ሲጠቅሱ እንዳለ ይተዉት፤ በራስዎ ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ ግን አይድገሙት።

ሻረ

አማርኛ በዚህ ቃል ቁስልም ይሽራል፣ ንጉሥም ይሽራል። እንግሊዝኛ ግን የተሻረው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቃል አይሰጥዎትም። ንጉሥ ከዙፋን ሲሻር «ዲፖዝ» ነው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ የደረሰባቸው ይኸው ነው። ንጉሡ በራሱ እጅ ዙፋኑን ከለቀቀ «አብዲኬት» ይሆናል፤ የእንግሊዙ ኤድዋርድ 8ኛ በ1936 እ.ኤ.አ. እንዳደረጉት። ሁለቱን ማምታታት የታሪኩን ፍሬ ነገር መገልበጥ ነው፣ አንዱ ተገፍቶ ሌላው ወዶ ነው የሄደው።

ሚኒስትር ሲሻር «ዲስሚስ»፣ አዋጅ ሲሻር «ሪፒል»፣ የበታች ፍርድ ቤት ውሳኔ በይግባኝ ሲሻር «ሪቨርስ» ወይም «ኦቨርተርን»፣ ፈቃድ ሲሻር «ሪቮክ»። አገር የፈረመችውን ውል አልቀበልም ስትል «ዲናውንስ» ነው፤ ምኒልክ የውጫሌን ውል ያደረጉት እሱን ነው። «ካንስል» ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚያስብ አለ። ለስብሰባና ለትኬት ይሆናል፤ ንጉሥ ግን ካንስል አይደረግም።

የሻረ ተቃራኒ ሾመ ነውና እሱንም አብረው ይያዙት። «ኢሌክት» በድምፅ መምረጥ፣ «ኖሚኔት» ዕጩ አድርጎ ማቅረብ፣ «አፖይንት» መሾም ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ሦስቱንም ስለሚጠቀም ጥሩ ልምምድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የሚኒስትሮችን ዕጩዎች እሱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ማጽደቅ ለሹመት «አፕሩቭ»፣ ለዓለም አቀፍ ስምምነት «ራቲፋይ» ነው።

ምርጫና ድምፅ

«ምርጫ የለኝም» ለማለት «ኢሌክሽን» ያለ ተማሪ አገሩ ምርጫ እንደማታካሂድ ነግሮናል። ለሰው አማራጭ «ቾይስ»፣ ለሥልጣን ውድድር «ኢሌክሽን»፣ በመመዘኛ ለይቶ ለማውጣት «ሲሌክሽን»። በኢና በኤስ የሚጀምሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት በአፍ ይመሳሰላሉ፤ ሪፖርት ላይ «የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲሌክሽን ተካሄደ» ብሎ መጻፍ ሰውዬውን ሕዝብ ሳይሆን አለቃ አስቀመጠው ማለት ይሆናል።

ድምፅም እንዲሁ። ጆሮ የሚሰማው «ሳውንድ»፣ የሰው «ቮይስ»፣ ኮሮጆ የሚገባው «ቮት»። እኛ ድምፅ «እንሰጣለን»፤ እንግሊዝኛው ቮት ብቻውን ግሥ ስለሆነ መስጠትን አይፈልግም። የሚፈልገው መስተዋድድ ነው፦ ለደገፉት «ቮት ፎር»፣ ለተቃወሙት «ቮት አጌንስት»፣ ለቀረበው ጉዳይ «ቮት ኦን»። ድምፀ ተአቅቦ «አብስቴይን» ነው፤ የቀረ ሰው ግን አብስቴይን አላደረገም፣ አልተገኘም።

አብላጫ የሚለው ቃል በቁጥር ካልታየ አይገባም። በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ ዕጩ 3,600፣ ሌላው 3,400፣ ሦስተኛው 3,000 አገኘ። የመጀመሪያው ያገኘው «ፕሉራሊቲ» ነው፣ ከሁሉም በለጠ እንጂ ከግማሽ አላለፈም። «ማጆሪቲ» ለማለት 5,001 ያስፈልገው ነበር። እኛም እንግሊዝም በፕሉራሊቲ ያሸነፈውን እናሳልፋለን፤ እንግሊዞች ይህን ከፈረስ ግልቢያ ወስደው «ፈርስት ፓስት ዘ ፖስት» ይሉታል፣ ምሰሶውን ቀድሞ ያለፈ። ፓርቲዎች ባገኙት መቶኛ ልክ ወንበር የሚካፈሉበት «ፕሮፖርሽናል ሪፕረዘንቴሽን» ነው። በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት ሕዝቡ ሳይሆን 538 መራጮች ያሉት «ኢሌክቶራል ኮሌጅ» ይቆጠራል፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ኮሌጅ ስለተባለ ትምህርት ቤት አይደለም።

የቀሩት የምርጫ ቃላት ቀላል ናቸው፦ የድምፅ መስጫ ወረቀት «ባሎት»፣ ጣቢያው «ፖሊንግ ስቴሽን»፣ ከተመዘገቡት ውስጥ የመረጡት ብዛት «ተርንአውት»፣ በሞት ወይም በመልቀቅ ለተጓደለ ወንበር የሚደረገው «ባይ ኢሌክሽን»። ለሥልጣን መወዳደር በአሜሪካ «ራን»፣ በእንግሊዝ «ስታንድ» ነው፤ አንዱ ይሮጣል ሌላው ይቆማል፣ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

በስብሰባ አዳራሽ የተወላገዱ ቃላት

ከእንግሊዝኛ ወስደን አማርኛ ያደረግናቸው ቃላት ተመልሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ያሳስታሉ። «እሱ የወረዳው ካቢኔ ነው» እንላለን። እንግሊዝኛው «ካቢኔት» መላው ጉባኤ ነው፤ ግለሰቡ «ካቢኔት ሜምበር» ነው። ሰውን ካቢኔት ነው ካሉ ቁም ሣጥን ነው እንዳሉ ሊሰማ ይችላል፤ ቃሉ ያንንም ያመለክታልና።

«ኮረም አልሞላም» የምንለው ከእንግሊዝኛው «ክዎረም» የመጣ እንጂ ከአላማጣ በላይ ካለችው ከተማ ጋር ዝምድና የለውም። ይሁንና እንግሊዝኛው አይሞላም አይጎድልምም፤ «አለን» ወይም «የለንም» ነው የሚባለው። አማርኛው ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ በተወካዮች ምክር ቤት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት ማለት ነው።

«ተፎካካሪ ፓርቲ» የሚለውን ቃል በቃል ከገለበጡት የንግድ ተቀናቃኝ ይመስላል፤ እንግሊዝኛው «ኦፖዚሽን ፓርቲ» ነው። ምክር ቤትና ምክርም ይጋጫሉ፦ ሁለቱም «ካውንስል» ተብለው ይሰማሉ፣ ሲጻፍ ግን ምክር ቤቱ በሲ፣ ምክሩ በኤስ ነው። አፈ ጉባኤ «ስፒከር» ነው፣ የጉባኤ አፍ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ላይ ተስማምተዋል።

ሕግን በደረጃ ሲጠሩ የኢትዮጵያን እንግሊዝኛና የሌላውን ዓለም ለይተው ይያዙ። ምክር ቤቱ የሚያወጣው አዋጅ እዚህ «ፕሮክላሜሽን»፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ «ሬጉሌሽን»፣ የመሥሪያ ቤት መመሪያ «ዳይሬክቲቭ» ነው። በእንግሊዝ ምክር ቤት ያለው ረቂቅ «ቢል»፣ ሲጸድቅ «አክት» ይሆናል። «ቪቶ» የሚለውንም ለኛ ፕሬዚዳንት አይጠቀሙ፤ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካው ግን ይከለክላል፣ ለመሻርም የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ቅጽ መሙላት ላይ የሚያስቸግረው «ናሽናሊቲ» ነው። በሕገ መንግሥታችን እንግሊዝኛ ብሔረሰብ ማለት ነው፤ በቪዛና በስኮላርሺፕ ቅጽ ላይ ግን ዜግነት ነው የሚጠየቀው። አማራ፣ ኦሮሞ ወይም አርጎባ ብለው አይሙሉ፤ «ኢትዮጵያን» ይጻፉ።

እንዳሉ የሚቀሩ ቃላትም አሉ። ወረዳና ቀበሌ በእንግሊዝኛም ወረዳና ቀበሌ ናቸው፤ ለውጭ አንባቢ መጀመሪያ ሲጠቅሷቸው ብቻ «ዲስትሪክት» ብለው ያስረዱ። አልጋ ወራሽ «ክራውን ፕሪንስ» ነው፣ ከአልጋ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ወሎን ለገዙት ለመርዕድ አዝማች አስፋ ወሰንም የሚሆነው ይኸው ነው። እንደራሴ በዙፋን ስም የሚገዛ ከሆነ «ሪጀንት»፣ የሕዝብ ከሆነ «ሪፕረዘንታቲቭ»። በ1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ የሆኑትን ሚካኤልን «ኪንግ» ካሏቸው የበላያቸውን ንጉሠ ነገሥት «ኤምፐረር» ማለት ግድ ነው፤ ሁለቱንም ኪንግ ብሎ የጻፈ አንባቢውን ግራ ያጋባል። በወሎ ገጠር ደም የሚያደርቀውን አበጋርን ደግሞ «ጃጅ» አይበሉት። ስሙን ይያዙ፣ ሥራውን ያስረዱ፦ ተጣይዎቹ ካልተስማሙ የማያስገድድ ሽምግልና «ሚዲየሽን»፣ ውሳኔው የሚያስገድድ ግልግል «አርቢትሬሽን» ነው።

ደብተር፣ ካርድና ነጋሪት ጋዜጣ

አንድ ኤ4 ወረቀት ለ8 ይቁረጡ። በካርዱ ፊት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ቃል ብቻ አይጻፉ፤ «አዋጁ ተሻረ» እንጂ «ሻረ» አይደለም። በጀርባው የእንግሊዝኛውን ቃል በላቲን፣ ከሥሩ አብሮት የሚሄደውን ግሥ ወይም መስተዋድድ። በቀን 6 ካርድ፣ በሳምንት 5 ቀን፤ ቅዳሜና እሑድ ክለሳ ብቻ። በዚህ 200 ቃል 7 ሳምንት ይወስዳል። እያንዳንዱን ካርድ በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ15ኛው ቀን ይመልሱ፤ የሳቱት ወደ ማግስቱ ይመለሳል። በቀን 20 ካርድ የጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ክለሳው ተከምሮበት ይተዋል።

ለዐረፍተ ነገር ምንጭ ከነጋሪት ጋዜጣ የሚበልጥ የለም። ገጹ ሁለት ዓምድ ነው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን። 106 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥትም በሁለቱ ቋንቋ ይገኛል። የእንግሊዝኛውን ዓምድ አጥፈው ይሸፍኑ፣ አማርኛውን አንድ ንዑስ አንቀጽ ያንብቡ፣ እንግሊዝኛውን በቃል ይበሉ፣ ከዚያ ይግለጡ። በቀን 10 መስመር ይበቃል። በአንቀጽ 93 ይጀምሩ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስለሆነ ቃላቱ ከዜና ይታወቃሉ፣ ቁጥሮቹም ያግዛሉ፦ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። «ሻል» ያለበትን በቀይ፣ «ሜይ» ያለበትን በሰማያዊ ያስምሩ። ሁለቱ ዓምዶች የተለያዩ ከመሰለዎት አንቀጽ 106ን ይመልከቱ፤ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው።

አፍ ላይ

የእንግሊዝኛ ቃል ቅጥያ ሲጨምር ጉልበቱ ቦታ ይለውጣል፤ አማርኛ እንዲህ ስለማያደርግ ጆሯችን አይጠብቀውም። «ዴሞክራት» ሲሉ «ዴ» ላይ፣ «ዲሞክረሲ» ሲሉ «ሞ» ላይ፣ «ዴሞክራቲክ» ሲሉ «ክራ» ላይ ይጫኑ። «ፖለቲክስ» መጀመሪያው ላይ፣ «ፖሊቲካል» ሁለተኛው ላይ፣ «ፖለቲሽን» ሦስተኛው ላይ። እያጨበጨቡ ሦስቱን በተከታታይ 5 ጊዜ ይበሉ። «ፖሊሲ» እና «ፖሊስ» ላይም ይጠንቀቁ፦ ፖሊሲ «ፖ» ላይ ይጫናል፣ ፖሊስ «ሊ» ላይ፤ ተገላብጠው ከወጡ ስለ ትምህርት ፖሊሲ ሲናገሩ ሰሚው ትምህርት ቤት ፖሊስ የገባ ይመስለዋል።

መፈንቅለ መንግሥት ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ስለሆነ ሲጻፍ ያሉት ፊደላት ሁሉ አይነበቡም። የታኅሣሥ 1953ቱን ሙከራ ሲያወሩ «ኩፕ» አይበሉ፤ ፒው ዝም ይላል፣ «ኩ» ብቻ ነው፣ ሙሉው «ኩ ዴታ»። ከ«ሬቮሉሽን» ጋርም አያደባልቁት። ኩ ጥቂት ሰዎች ከላይ የሚያደርጉት ነው፤ ሬቮሉሽን ሕዝብ የተነሣበትና ሥርዓቱን የገለበጠ ነው። የ1966ቱ በዚህ ያከራክራል፣ ሕዝብ ጀመረው ወታደር ጨረሰው፤ ጽሑፍ ላይ የትኛውን ቃል እንደመረጡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ።

የዜና አርዕስት ሲያዳምጡ ሰፈር መንግሥት ሆኖ ይመጣል። «ዳውኒንግ ስትሪት አለ» ማለት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት፣ «ካፒቶል ሂል» የአሜሪካ ምክር ቤት፣ «ዌስትሚኒስተር» የእንግሊዝ ፓርላማ ነው። «አራት ኪሎ ምን አለ?» የሚል አማርኛ ለሚናገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ካርዱ ላይ ትርጉሙን ከመጻፍ ይልቅ «የእንግሊዝ አራት ኪሎ» ብሎ መጻፍ ይቀላል።